እናቴ ለልጄ ጋቢ እየፈተለች ነው፤ እናስቁማት ወይስ እናግዛት?

የማርቆስ ልጅ (ሜሪላንድ)፦

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጤና ይስጥልን። ይህን ጥያቄ የማቀርበው በቤተሰባችን ውስጥ ስምምነት ያልደረስንበት ጉዳይ ስላለና ፈትልንና ሽመናን ከእኛ በተሻለ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን ዕድሜዋ ሰባ ዓመትን አልፏል። የመጀመሪያ ልጄን መፀነሴን ከሰማችበት ጊዜ ጀምሮ ጥጥ አስገዝታ፣ ፍሬውን በመዳመጫ እያወጣች፣ በደጋን እየነደፈች፣ ለሕፃኑ ጋቢ የሚሆን ፈትል ይዛለች። ሥራው ለእሷ አዲስ አይደለም፤ እኛ ልጆቿ ስንዳር የለበስነው ጋቢና ነጠላ ሁሉ ከእሷ እንዝርት የወጣ ነው፤ ጎረቤቱም «ቀጭን ፈታይ» እያለ ያመሰግናታል። ዛሬ ግን ዓይኗ ደክሟል፤ የቀኝ እጇ አውራ ጣትም ሲመሽ እያበጠ ያስቸግራታል።

ወንድሞቼና እኅቴ ይህን አይተው «ይብቃት» ይላሉ። ስለሚያዝኑላት የሚናገሩት ነውና ሐሳባቸውን በቀላሉ መጣል አልችልም። ሽሮ ሜዳ ወርዶ ያማረ ጋቢ መግዛት የአንድ ቀን ጉዳይ ሆኖ ሳለ አንዲት አረጋዊት እናት ወራት ሙሉ ጭኗ ላይ እንዝርት እያሾረች መድከም የለባትም፤ ሕፃኑም ቢሆን የገበያውን ከአያቱ ለይቶ አያውቅም ይላሉ። እኔ ግን ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምሰማው ሌላ ነገር ነው። ስለ ደም ግፊቷና ስለ ኑሮ ውድነት ስትነግረኝ ድምፅዋ ይከብዳል፤ ስለ ፈትሉ ስጠይቃት ደግሞ የባዘቶው (የተነደፈው ጥጥ) ንጣት፣ የልቃቂቱ (የተጠቀለለው ፈትል) መጠን፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ ሴቶች አይተው ያሉት ነገር ሁሉ እየተከታተለ ይመጣል፤ ስልኩን መዝጋትም ያቅተናል። ያን ደስታ ከእጇ ላይ መንጠቅ ከበደኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በቤት የተፈተለ ጥጥ ዛሬ ጋቢ እስኪሆን በምን በምን ያልፋል? ጋቢው የእሷ ሥራ ሆኖ እንዲቀር፣ ድካሙ ግን እንዲቀንስላት የሚያስችል መንገድ አለ ወይ? እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ደርሶባችሁ እንደሆነስ ምን አደረጋችሁ? በመጨረሻም እኔ በእጄ የምሠራው አንዳች ነገር ሳልማር ነው ያደግሁት። ገንዘብ እልክላታለሁ፤ ነገር ግን እሷ ለእኔ እንዳደረገችው እኔም በጣቶቼ የሠራሁትን አንድ ነገር ልልክላት እመኛለሁ። ከየት ልጀምር?


ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ፦

እኅቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣዎ። እኔ በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ ተወልጄ፣ ሽመናን ከአባቴ ተምሬ፣ ዛሬ እንጦጦ ሥር የምሠራ ሰው ነኝ። እናትዎን ማስቆም ወይም አለማስቆም የቤተሰብዎ ጉዳይ ቢሆንም፣ ከሥራው በኩል የማውቀውን ብነግርዎ ውሳኔው ይቀልልዎታል ብዬ አስባለሁ።

ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚሰፋ ሸማ ነው፤ ነጠላ ሁለት ድርብ ብቻ ስለሆነ ጋቢ ከነጠላ ይልቅ ብዙ ፈትል ይበላል፤ እናትዎም የሚደክሙት ለዚህ ነው። ማንኛውም ሸማ ደግሞ ድርና ማግ አለው። ድሩ በሽመና እቃው ላይ በቁመት ተወጥሮ የሚውለው ክር ሲሆን፣ ማጉ በመወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰ የሚገባው ነው። ድር ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ስለሚውልና በእያንዳንዱ የእግር ርግጫ ስለሚጎተት ቀጭን፣ ጠንካራና ከዳር እስከ ዳር እኩል የከረረ መሆን አለበት፤ ፈታይዋን ከሁሉ ይበልጥ የሚያደክማት ይህን መፍተል ነው። ማግ ግን ላላ ብሎ ቢፈተል ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የጋቢው ሙቀትና ልስላሴ የሚመጣው ላላ ብሎ ከተፈተለው ማግ ነው፤ በውስጡ አየር ይይዛል፣ በታጠበ ቁጥርም እየለሰለሰ ይሄዳል።

በአሁኑ ጊዜ አብዛኞቻችን ድሩን በፋብሪካ ክር እንሠራለን፤ ደንበኛው የእጅ ፈትል ሲያመጣ በማግ እናስገባዋለን። ስለዚህ እናትዎ ድሩን ከገበያ ለማስገዛት ከተስማሙ ከሥራቸው ከባዱ ክፍል ይወርድላቸዋል፤ ሕፃኑ በገላው ላይ የሚሰማውም አያቱ የፈተሉት ማግ ይሆናል። ሁለተኛው ማቅለያ ደግሞ መዳመጡንና መንደፉን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ጥጥ በድንጋይ ላይ በብረት እየተዳመጠ ፍሬው ሲወጣና በደጋን ሲነደፍ ትከሻና ወገብ ይጎዳል፤ ሥራው ጉልበት እንጂ የፈታይ ጣት አይፈልግም። ተነድፎ የተዘጋጀ ባዘቶ ከገበያ ማግኘት ይቻላል፤ ካልተገኘም በቤት ውስጥ ያለ ጎረምሳ ሊነድፍ ይችላል። ለእናትዎ እንዝርቱ ብቻ ይቅርላቸው።

ወንድሞችዎ «ሕፃኑ ልዩነቱን አያውቅም» ያሉትን በተመለከተ፣ ሕፃኑ ባያውቅም ሸማው ያውቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከገበያ የተገዛ የእጅ ፈትል ከብዙ ሴቶች የተሰበሰበ ነው፤ አንዷ አክርራ፣ ሌላዋ አላልታ፣ ሦስተኛዋ አወፍራ ፈትላለች። እኔ ልቃቂቱን ይዤ ጥቂት ክንድ ያህል በጣቶቼ መካከል ሳሳልፈው ለውጡ ይሰማኛል፤ ሸምኜ ካወረድኩት በኋላም ገና በመጀመሪያው አጠባ አንዱ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይሰበሰብና ጨርቁ ይጨማደዳል። አንዲት ሴት ብቻዋን የፈተለችው ግን ከመጀመሪያው ልቃቂት እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ክረት አለው። ወፍራምም ቢሆን ቀጭን፣ እኩል ይሰበሰባል፣ እኩልም ይለሰልሳል። በተለይ አርጅተው የሚፈትሉ እናቶች ዓይናቸው ቢደክም እንኳ ፈትላቸው አይዛባም፤ ውፍረቱን የሚለካው ዓይናቸው ሳይሆን አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደንበኞች ያረፉ እናታቸው ጀምረው የተዉትን ፈትል ይዘውልኝ ይመጣሉ። ለአንድ ጋቢ አይበቃም፤ እኔም ሌላ ማግ ጨምሬ የእናትየውን ፈትል ከጥለቱ አጠገብ፣ ሰውየው ሲለብሰው ፊቱ ጋ በሚውለው ጫፍ ላይ አስገባዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ ከሌላው ሁሉ አስቀድመዋለሁ፤ ፈትሉ የተሠራው ለእኔ ባይሆንም አደራው እጄ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህች አገር ሸማን ስትወድ ሸማኔን ንቃ ኖራለች። ሙሽራው፣ ካህኑ፣ መኳንንቱ በእጃችን ሥራ ሲያጌጡ እኛ «ቁጢት በጣሽ» ተብለን ተሰድበናል፤ ሸክላ ሠሪዋና አንጥረኛውም የባሰ ስም ተሰጥቷቸው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ስለዚህ ልጅዎ ሲያድግ አያቱ እንደፈተሉለት ሲነግሩት፣ የሸመነውም ሰው እንዳለ አብረው ይንገሩት።


ነርስ ነኝ (ሐዋሳ)፦

የሸማኔው ወንድማችን መልስ ብዙ አስተምሮኛል፤ ነገር ግን የእኅትዎና የወንድሞችዎ ስጋት በቀላሉ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጤናው። በእናትዎ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው «ዓይኗ ደክሟል» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የማየት ችሎታን ከሚቀንሱት ምክንያቶች ዋነኛው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፤ ስለዚህ ከማናቸውም ነገር በፊት ዓይናቸው ይመርመር። አውራ ጣታቸውም ጠዋት ጠዋት የሚገትር ወይም ሲነኩት የሚያተኩስ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ችግሩ የድካም ብቻ ከሆነ ደግሞ በየመካከሉ እረፍት መውሰድ፣ እጅን ለብ ባለ ውኃ ማፍታታት፣ በማታ በደብዛዛ ብርሃን አለመፍተል ብዙ ይረዳል።

ሁለተኛው ነጥቤ ከሕክምና የወጣ ነው። የእናቶቻችንን የእጅ ሥራ ስናደንቅ ሁሉም በደስታ የተሠራ አድርገን ማሰብ አይገባንም። በገጠር ያደገች ሴት ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ውላ፣ ሰው ሁሉ ሲያርፍ እሷ እንዝርቷን ታነሣ ነበር። መፍተል ያልቻለች ልጃገረድ ባለሙያ አይደለችም ተብላ ትነቀፍ ነበር፤ በየሣጥኑ ተጣጥፈው ከተቀመጡት ጋቢዎች መካከል ስንቱ ከፍቅር ይልቅ ነቀፌታን ከመፍራት እንደተፈተለ ማን ያውቃል? የእኔ አያት ፈትልን አልወደደችም፤ ግዴታው ሲቀርላት እንዝርቷን ለጎረቤት ሰጥታ ጓሮዋ ውስጥ ጤና አዳምና በሶብላ ተከለች፤ ፍቅሯን የምታሳየን ያን ቀጥፋ ቡና ላይ ጣል በማድረግ ነበር። ስለዚህ እናትዎን ራሳቸውን በግልጽ ይጠይቋቸው፤ ደስ እያላቸው ነው የሚፈትሉት ወይስ «ለመጀመሪያ የልጅ ልጄ ሳላደርግ ብቀር ሰው ምን ይለኛል» ብለው? የመጀመሪያው ከሆነ ያግዟቸው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ምንም እንዳልጎደለ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ያም ሰው ከእርስዎ የተሻለ የለም።


ልጅ ከጁገል (ሐረር)፦

ነርሷ እኅታችን ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ነው። እኔ ደግሞ ደስታው ከየት እንደሚመጣ ያየሁትን ልናገር።

በሐረር የቀድሞው ቤታችን፣ ጌይ ጋር የምንለው፣ ግድግዳው በስፌት የተሸፈነ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ፊት ለፊት የሚያዩት ከፍ ዝቅ እያለ በቀይ አፈር የተቀባ መቀመጫ ሲሆን፣ ከእሱ በላይ ጠፍጣፋና ክዳን ያላቸው ስፌቶች በየቦታቸው ተሰቅለዋል። የትኛው ስፌት የት እንደሚሰቀል ሥርዓት አለው፤ እንግዳም ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ የእመቤቲቱን፣ የእናቷንና የአያቷን እጅ ያያል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሰው የሚያወራው ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ ነበር፤ ለእኔ ግን ከግንቡ ይልቅ እነዚያ ግድግዳዎች ይበልጡብኛል።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማስታውሰው ግን እናቴ ብቻዋን ስትሰፋ አይደለም። ሴቶች ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዷ ወስፌዋንና በውኃ የራሰ ሣሯን ይዛ ትመጣለች፤ አንዷ ለምትዳር ልጇ፣ ሌላዋ ለእኅቷ ልጅ ትሰፋለች። ጥለቱን በወረቀት ላይ የሚነድፍ የለም። ወጣቷ ስትሳሳት ከጎኗ ያለችው አሮጊት ሳትናገር ስፌቱን ከእጇ ትወስድና ሁለት ሦስት ዙር ፈትታ ትመልስላታለች። ሳቁ፣ ሐሜቱ፣ የሠርግ ወሬው ሁሉ እዚያው ነው። በዚያ መካከል ለአማት የሚሰጠው ስፌት፣ ለሙሽሪት የሚሰቀለው ስፌት ሳይታወቅ ያልቃል።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው፣ እናትዎ ብቻቸውን ቤት ውስጥ የሚፈትሉ ከሆነ የሚያደክማቸው ብቸኝነቱ ሊሆን ስለሚችል፣ ቡና ሊጠጡ የሚመጡት ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው እንዲመጡ አንድ ሰው ቢያስተባብር መልካም ነው። ለቡናውና ለስኳሩ እርስዎ ይላኩ።


እናት ከአሽዶድ፦

ልጄ፣ የመጨረሻው ጥያቄሽ ልቤን ነካው፤ ስለዚህ እሱን ልመልስ።

እኔ በጎንደር አጠገብ በወለቃ ያደግሁ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል መጣሁ። በወለቃ ሴቶቹ ሸክላ እንሠራ ነበር፤ ድስትና ጀበና፣ ለመንገደኛ የሚሸጡ ትናንሽ ምስሎችም ጭምር። ወንዶቹ ይሸምኑ ነበር፣ ብረትም ይቀጠቅጡ ነበር። ሸማኔው የተናገረውን ስድብ እኛም በደንብ እናውቀዋለን፤ እጃችንን እየፈለጉ እኛን የሚፈሩ ሰዎች መካከል ነው የኖርነው። ያም ሆኖ እናቴ አንድ እንስራ ጨርሳ በጣቷ ጀርባ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ስትሰማ ፊቷ ላይ የማየው ደስታ ከማንም ስድብ በላይ ነበር።

እዚህ ስመጣ ሁሉም ነገር ጠፋብኝ። ከፎቅ ላይ ባለ ቤት ሸክላ የሚተኮስበት ቦታ የለም፤ ለስፌት የሚሆነው ሣር፣ ስንደዶና አክርማም የለም። መቼም እጁ ሥራ የፈታ ሰው፣ ሰው አይደለምና፣ ጎረቤቶቼ የሚያደርጉትን አይቼ በሣር ፈንታ የጥጥ ገመድ፣ በአለላ ፈንታ ባለ ቀለም የሱፍ ክር ይዤ ሙዳይ መስፋት ጀመርኩ። የልጅ ልጆቼ ያደጉት በዕብራይስጥ ነው፤ እኔ ያለኝ ዕብራይስጥ ለገበያና ለሐኪም ብቻ የሚበቃ ነው። ስፌቱን ይዘን ስንቀመጥ ግን ትንሿ ልጅ ከእጄ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ትከተለኛለች፤ ቀለም ትመርጥልኛለች፤ የመረጠችው ካላማረኝ ራሴን ስነቀንቅ ሌላ ታነሣለች።

አንቺም ከዚሁ ጀምሪ። ያለሽበት አገር ገመድና የሱፍ ክር፣ ዓይኗ ሰፊ የሆነች ደንዳና መርፌም አይጠፋም። የገመዱን ጫፍ በሰያፍ ቁረጪውና ሁለት ጣት ያህሉን በክሩ ጥቅጥቅ አድርገሽ ጠቅልዪ። ከዚያ በራሱ ላይ አጥፈሽ ክብ አድርጊውና መካከሉን በመርፌ ደጋግመሽ ያዥው፤ ይህ እምብርቱ ነው፤ እምብርቱ ከላላ ሙዳዩ በሙሉ ይላላል። ከዚህ በኋላ ገመዱን እያዞርሽ፣ ክሩን ሁለት ሦስት ጊዜ በገመዱ ላይ እየጠቀለልሽ፣ በየመካከሉ መርፌዋን በፊተኛው ዙር ውስጥ እያስገባሽ ታያይዣለሽ። ጠፍጣፋ እንዲሆን ስትፈልጊ ገመዱን ከጎን አስቀምጪ፤ ወደ ላይ እንዲነሣ ስትፈልጊ ደግሞ በፊተኛው ዙር አናት ላይ አስቀምጪው። የመጀመሪያው ዙርሽ ይወላገዳል። አትፍቺው። እናትሽ ያንን የተወላገደ ዙር ስታይ ልጇ ያለ አስተማሪ እንደታገለች ታውቃለች፤ በውስጡም የቡና ቁርስ ሳይሆን መርፌዋንና ክሯን ታስቀምጥበታለች ብዬ እገምታለሁ።


ከኩዌት፦

እኔ የምሠራው በሰው ቤት ነው። በክፍሌ ውስጥ ለስፌት የሚሆን ቦታ የለኝም፤ ኪሮሽ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ክሩም ብዙ ቦታ አይዝም። ማታ ሥራ ሲያልቅና አርብ እረፍት ሳገኝ ዳንቴል እሠራለሁ። ለእናቴ የጠረጴዛ፣ የቴሌቪዥን፣ የረከቦት ልብስ ሠርቼ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ልኬላታለሁ። በየወሩ የምልከው ገንዘብ ለእህልና ለወንድሞቼ ትምህርት ቤት ስለሚውል ወሩ ሳያልቅ ያልቃል፤ ይህም የሚገባው ቦታ ስለሆነ አልቆጭም። ዳንቴሉ ግን በበዓል ቀን ወጥቶ ይነጠፋል፤ እንግዳ ሲመጣም «የልጄ እጅ ነው» ትላለች። ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ልብስ ስተኩስ የዋልኩበት እጅ ማታ የራሴ እንደሆነ የሚሰማኝ ያን ጊዜ ነው።

እኅቴ፣ ሙዳዩ ቢከብድዎት በኪሮሽ ይጀምሩ፤ ሰንሰለቷን መሥራት ከቻሉ ሌላው ሁሉ ከእሷ የሚወጣ ነው።


የማርቆስ ልጅ (ሜሪላንድ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ለእኅቴ አነበብኩላትና ሐሳቧ ተለወጠ። የእናቴን ዓይን ለማስመርመር ቀጠሮ ተይዟል፤ ባዘቶውና ድሩም ይገዛል። ነርሷ እንደመከሩኝም እናቴን በቀጥታ ጠየቅኋት። መልሷ «እናንተን ስወልድ ጊዜ አልነበረኝም፤ ከሥራ ላይ ሥራ እየደረብኩ ነው የፈተልኩላችሁ። ደስ እያለኝ የምፈትለው ገና አሁን ነው» የሚል ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ የምከራከርበት ነገር አልቀረኝም። ድሩ ይገዛ ስላት ግን ጥቂት ቅር ብሏት ነበር፤ የተስማማችው ሸማኔዎቹ ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርጉ ስነግራት ነው።

እኔም ገመድና ክር ገዝቻለሁ፤ እምብርቱ ላይ ነኝ። ለሸማኔው ወንድማችን የቀሩኝ ጥያቄዎች አሉ፤ ጋቢው በሕፃን ልክ ይሸመን ወይስ በትልቅ ሰው? ጥለቱስ ምን ዓይነት ቢሆን ይሻላል? እዚህ ካመጣሁት በኋላስ እንዴት ልጠበው?


ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ፦

እናትዎ ስለ ድሩ ቅር ቢላቸው አይደንቀኝም፤ ቀጭን ፈታይ የነበረች ሴት ሁሉ እንዲሁ ትላለች። ፈቃዳቸው ከሆነና ጣታቸው ከፈቀደ ጥቂት ክር ለድር የሚሆን አድርገው አክርረው ይፍተሉ፤ ጥለቱ በሚያርፍበት ጫፍ በኩል በማግ አስገባዋለሁ። የከረረ ማግ ጥለቱን አንቆ ይይዛል እንጂ አይጎዳውም፤ እሳቸውም ቀጭን ፈትላቸውን በዓይናቸው ያዩታል።

ልኩን በተመለከተ በትልቅ ሰው ልክ ይሁን። በሕፃን ልክ የተሸመነ ጋቢ ልጁ ዳዴ ማለት ሳይጀምር ያጥረዋል፤ ሙሉው ግን አሁን ታጥፎ ይታቀፍበታል፣ ነገ ይተኛበታል፣ ሲያድግ ይደርበዋል። የሕፃን ነገር የግድ ካማራችሁ ከተረፈው ማግ አንድ አነስተኛ መታቀፊያ ለብቻው እሠራለሁ።

ጥለቱን ጠበብ ያለ ባደርገው እመርጣለሁ። የሚያብረቀርቅ ክር ለሠርግና ለበዓል ልብስ ያምራል እንጂ የሕፃን ጉንጭ ይቧጭራል፤ ስለዚህ ባለ ቀለም የጥጥ ክር ይሻላል፤ ከጥለቱም ገባ ብሎ ባለው ወገን እንዲታቀፍ ያድርጉ። ቀለሙን ግን እኔም እርስዎም አንምረጥ፤ የጥለት ናሙናዎችን ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ፤ እናትዎ ይምረጡት።

አጠባው ቀላል ነው። በእጅ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና አይንካው፤ ሲጨመቅም እንደ ገመድ አይጠምዘዝ፣ ተጭኖ ውኃው ይውጣ። እናንተ ዘንድ ያለው በሙቀት የሚያደርቅ ማሽን የእጅ ፈትልን ስለሚሰበስበውና ስለሚያጠነክረው ጨርሶ አይግባ፤ ተዘርግቶ በአየርና በፀሐይ ይድረቅ። በመጀመሪያው አጠባ ትንሽ መሰብሰቡ ስለማይቀር እኔ ስሸምነው ያንን አስቤ ጥቂት እጨምርበታለሁ።

ፈትሉን በየጊዜው ከፋፍለው አይላኩልኝ፤ እስኪጠቃለል ከእርጥበትና ከአይጥ በተጠበቀ ሣጥን ይቀመጥና አንድ ላይ ይምጣ፤ የጎደለ ካለ ሽመናውን ሳልጀምር እንዳውቀው። ደግሞ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረቡ ሥራ ስለሚበዛብን ከሁለቱ ለአንዱ እንዳይገጥምብን ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩኝ።